ለጠባብ ታፔላ የሚሆን ፊደል

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሱቆች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ስለቆሙ የታፔላው ስፋት ከበሩ ስፋት ብዙም አይበልጥም። ባለሱቁ ግን ስሙንም፣ የሚሸጠውንም፣ ስልኩንም እዚያው ላይ ማየት ይፈልጋል፤ «ደግሞ ከሩቅ ይነበብልኝ» ይላል። ሁለቱን ጥያቄ ባንድ ላይ የሚመልሰው ፊደል ቁመቱ ረጅም፣ ወገቡ ጠባብ፣ መስመሩ ወፍራም ነው፤ ክብ ነገር ወደ ጎን ቦታ ስለሚበላ ክቡ በማዕዘን ይተካል። እንዲህ ያለውን ፊደል መሳል ከሥራዬ ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ በየመንገዱ ተጨምድዶ ሳየው ደግሞ ያሳዝነኛል።

የተለመደው መንገድ ይታወቃል። ኒያላ የተባለውን ፎንት ወይም ከፓወር ግዕዝ ፎንቶች አንዱን በኮሬል ድሮው ፕሮግራም ላይ ከፍቶ ከጎን መግፋት ነው። ፊደሉ ይጠባል፤ ግን እግሩም አብሮ ይቀጥናል፣ አግድም መስመሮቹ እንደነበሩ ወፍረው ይቀራሉ። የፊደላችን ክብደት ያለው እግሩ ላይ ነው፤ በ፣ ሰ፣ ጠ፣ ሐ ሁሉም የሚቆሙት በእግራቸው ነው። ስለዚህ መጥበብ ያለበት ሆዱ ነው፣ በእግሮቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ። እሱም ቢሆን የሚነካው መጀመሪያ ለአናባቢው ምልክት የሚበቃው ስፍራ ከተሰጠ በኋላ ነው።

«ባር» የሚል ታፔላ እንውሰድ። ባ ከበ የሚለየው የግራ እግሩ በማጠሩ ብቻ ነው። መስመሩ ወፍሮ ሆዱ ሲጠብ ከአጭሩ እግር ሥር ያለችው ነጭ ቦታ ትጠፋለች፤ ከመንገዱ ማዶ የቆመ ሰው «በር» ብሎ ያነባል። እኔ አጭሩን እግር በመጽሐፍ ፊደል ላይ ከሚያጥረው በጣም አሳጥረዋለሁ፤ በቅርብ ሲታይ የተጋነነ ይመስላል፣ ከሩቅ ግን ልክ ነው። የደሴም ስም የራሱ ፈተና አለው። የሴ ቀለበት ከቀኝ እግሩ ግርጌ ላይ ስለሆነ መስመሩ ሲጠቁር ይደፈንና ሴ ሲ ይሆናል። ቀለበቱን በማዕዘን ሠርቼ ቀዳዳውን ቁመታም ስንጥቅ አደርገዋለሁ። የፀጉር ቤቶች ፀ ደግሞ ከዐ የሚለየው በወገቡ በሚያልፈው መስመር ብቻ ነው፤ ያንን መስመር ከሌላው ሁሉ ካላቀጠኑት ፀ ጥቁር ድንጋይ ይሆናል።

ላቲኑ ይህ ጣጣ የለበትም። ጄፍሪ ሊ በ1965 እ.ኤ.አ. የሠራው ኢምፓክት የተባለ ፎንት ያን ያህል የተሳካለት የላቲን ትልልቅ ፊደላት ራስና እግራቸው እኩል ስለሆነ በአንድ ሣጥን ልክ መጠቅጠቅ ስለሚቻል ነው፤ ቁጥራቸውም 26 ነው። እኛ ከ33 ፊደል በ7 ቤት 231 ቅርጽ እንሳላለን፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። የላቲኑን ሣጥን ወስዶ እግሮቹን ሁሉ እኩል የሚያደርግ ሰው አናባቢውን ነው የቆረጠው። ጉግል በነጻ የሚሰጠው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጠባብም ወፍራምም ስሪት አለውና ኒያላን ከመጭመቅ እጅግ ይሻላል። ለታፔላ ግን ለእኔ ዓይን ልስላሴው ይበዛል።

ማዕዘናም ፊደል ከውጭ የመጣ የፖስተር ፋሽን የሚመስላቸው አሉ። ከደሴ በስተሰሜን፣ ብዙ ሳይርቅ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያጻፉት ወንጌል የዚያ ገዳም ሀብት ነው። የዚያ ዘመን የብራና ጽሕፈት ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ማዕዘኑ የጎላ ነው። አፉ ሰፋ ተደርጎ የተቀረጸ የመቃ ብዕር ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ይሰጣል። ኮምፒውተር ላይ የምከተለውም ይህንኑ ሕግ ነው፤ እግሩ ይወፍራል፣ አግድሙ ይቀጥናል። ከዐረብኛ ጽሑፍ ጎን ሲገባም፣ በተለይ ከማዕዘናሙ የኩፊ አጻጻፍ ጋር፣ እንዲህ ያለው ፊደል ከክቡ ይልቅ ይስማማል።

ኮምቦልቻ ላይ ሥራው ሌላ መልክ ይይዛል። ከደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፣ የጅቡቲ መኪኖችም ይበዛሉ። የከባድ መኪና ጽሑፍ የሚነበበው በእንቅስቃሴ ነው፤ ሐረጎ ላይ ደግሞ በጉም ውስጥ። እዚያ ወፍራም እግር ዋጋውን ያገኛል። ስቲከር ግን ሹል ማዕዘን አይወድም፤ በፀሐይና በአቧራ መጀመሪያ የሚላቀቀው ጫፉ ነው። ስለዚህ ወደ ፕሎተር ከመላኬ በፊት የውጭውን ማዕዘን በጥቂቱ አለዝባለሁ፤ ከአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ሹል ሆኖ ይታያል። በቆርቆሮ ቆርጦ ቀለም ለሚነፋ ደግሞ የፊደሉን ውስጥ ከውጭው የሚያያይዝ ድልድይ መተው ግድ ነው። ም ሁለት ዓይን ስላለው ሁለት ድልድይ ይፈልጋል፤ ካልተተወለት ዓይኖቹ ወድቀው ይቀራሉ።

ይህን ፊደል ለአንቀጽ፣ ለመድኃኒት አወሳሰድ ማስታወቂያ፣ ለምግብ ዝርዝር አልጠቀምበትም፤ ከሦስትና ከአራት ቃል ሲያልፍ ዓይን ያደክማል። ከሁሉ የምጠነቀቀው ግን ለስልክ ቁጥሩ ነው። በጠባብ ማዕዘናም አሣሣል 6፣ 8 እና 9 አንድ ዓይነት ሣጥን ይሆናሉ፤ 3ም ይከተላቸዋል። ቃል ላይ አንድ ፊደል ቢደበዝዝ አንባቢ ከቀረው ይገምታል፤ ከአሥሩ አኃዝ አንዱ ቢሳሳት ግን ስልኩ የሚጠራው ሌላ ሰው ቤት ነው። ስለዚህ የ6ን ላይኛ አፍና የ9ን ታችኛ አፍ በሰፊው እከፍታለሁ፣ 8ን ወገቡ ላይ ከሁለቱም ጎን እቀነጥሰዋለሁ፣ ቁጥሮቹን በሙሉም ከፊደሉ ሰፋ አድርጌ እስላቸዋለሁ። ቦታ ከጠበበ የሚያጥረው የሱቁ መግለጫ ነው።