አክሳይ በድርሻ ነው የሚቆየው

ቅዳሜ ገበያ መሐል በቅርቡ የከሰል ንግድ የጀመረ ልጅ ያዘኝና «ጋሼ፣ ጎበዝ አክሳይ እንዴት ነው የሚቆይልዎት? እኔ ጋ አንድ ክምር ያከስልና ይሄዳል» አለኝ። በምን እንደሚከፍል ጠየቅሁት። በጆንያ።

አብዛኛው የአዲስ ቅዳም ነጋዴ በጆንያ መክፈል ይሻላል ባይ ነው፤ ሒሳቡ አያጨቃጭቅም፣ ሰነፍ አይከፈለውም ይላሉ። እኔ አይዋጥልኝም፤ ከክምሩ ድርሻ እየሰጠሁ ነው የማሠራው። በጆንያ የሚከፈለው ጆንያ ለመሙላት ይጣደፋል። ነጩ ጭስ አልቆ ስሱ ሰማያዊ ሳይመጣ ክምሩን ይከፍተዋል፤ ከውስጡ ጥሬ ጉማጅ ይወጣል። ወይም ያልበረደው ፍም ነፋስ ሲያገኝ ይያያዝና ያ ሁሉ ድካም አመድ ይሆናል። ባለ ድርሻው ግን ሌሊት ተነሥቶ ይዞረዋል፣ የተሰነጠቀውን አፈር ይደፍናል። የራሱ ነዋ!

ድርሻውን ደግሞ ጽፌና ፈርሜ ነው የምሰጠው። አዋጅ 1156/2011 ለተቀጠረ ሠራተኛ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ፈርሞ እንዲሰጥ ያዛል። ባለ ድርሻ ከተቀጣሪ ያንሳል እንዴ?

የወረዳችን የፋግታ ለኮማ መሬት አሲድ በዝቶበት እህል እምቢ ሲል ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተከለ። በ4 ወይም በ5 ዓመት ይደርሳል፤ ተቆርጦ ይከሰልና መሬቱ ጤፍ ይዘራበታል። ዛፉን ማንም ይተክለዋል፤ ማክሰል ግን ሌላ ነው። እኔን ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ ክምሩ እየሰመጠ ሲሄድ ጀርባው ላይ ወጥተው በእግራቸው እየረገጡ ባዶውን ቦታ ይፈልጉ ነበር፤ እግራቸው የሸሸበት ላይ አፈር ይጨምራሉ። ሥራውን ያገኘሁት ከእሳቸው እግር ሥር ነው። ዛሬም የጭሱ ሽታ ሲለወጥ ከእንቅልፌ እባንናለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ የተማሩት ግን በዚያው ጭስ ነው።

የቅጠል ዝገት በሽታ መጥቶ ዲከረንሱን ሲያደርቀው ብዙ ነጋዴ አክሳዩን አሰናበተ። እኔ አክሳዮቼን የችግኝ ጉድጓድ አስቆፈርኳቸው፤ ከኪሴ ነበር የምከፍለው። ዛፉስ ያገግም፤ የተበተነውን ሰው ማን ይሰበስበዋል?

ጥር 23 ደግሞ የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። የአገው ልጅ በዚያ ቀን ጭስ ጠብቅ ቢባል በማግስቱ አታገኘውም፣ ልክም ነው። ክምር ደግሞ በዓል አያውቅም። ስለዚህ በዚያ ቀን አካፋ ይዤ የማድረው እኔ ነኝ። «ባለቤት ሆነህ?» የሚሉኝ አሉ። ታዲያ ማን ይደር?

ደህና አድርጌ ያሠለጠንኩት አንዱ ልጅ ወጥቶ የራሱን ከፍቷል። ጫና ሲበዛብኝ የአዲስ አበባ ደንበኞቼን ወደ እሱ እልካለሁ፤ እሱም አክሳዮቹን በድርሻ ነው የያዘው። በቁም ዛፍ ዋጋ ግን አሁንም ገበሬው ደጅ ላይ እንጨቃጨቃለን።