«ሰፈራ» እና «አሰፋፈር»፦ በአንድ ስያሜ አተረጓጐም ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ከተማ ፕላንና ስለ ሕዝብ አቀማመጥ የተጻፉ የውጭ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ «ሴትልመንት ፓተርን» የሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ «የሰፈራ ንድፍ» ተብሎ ይገኛል። ይህ አተረጓጐም በሁለት ምክንያት የሚነቀፍ ነው።

አንደኛው ሰዋስዋዊ ነው። አማርኛ የድርጊትን ሁኔታ የሚገልጽ የራሱ የስም አመሠራረት አለው፤ ከ«ተናገረ» «አነጋገር»፣ ከ«ተቀመጠ» «አቀማመጥ» እንደሚወጣ ሁሉ፣ ከ«ሰፈረ» «አሰፋፈር» ይወጣል። «እንዴት» የሚለው ፍች በቃሉ ውስጥ ስላለ «ንድፍ» ብሎ መጨመር ትርፍ ነው።

ሁለተኛውና የከበደው የፍች ጉዳይ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ድርቁን ተከትሎ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ ይልቁንም ከወሎ ክፍለ ሀገር፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል ተወስዷል። የዘመቻው ስም «ሰፈራ» ነበር። እንግዲህ «የቆቦ ሜዳ የሰፈራ ንድፍ» የሚል ርእስ ያነበበ የራያ ሰው፣ መንደሩ የተጠና ሳይሆን ሊነሣ የታቀደ መስሎ ቢታየው ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም። ቃሉ ከዘመቻው በፊት የነበረ ነው የሚል መከራከሪያ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራምም ይህንኑ ስም ስለ ያዘ፣ «ሰፈራ» ሰውን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር በሚለው ፍች ጸንቷል።

«የተበታተነ አሰፋፈር» የሚለውም እንዲሁ ሊታረም ይገባዋል። መንጋ የሚበታተነው እረኛ ሲያጣ ነው፤ ቃሉ ገና ሳይመረመር ይፈርዳል። የመንደር ምሥረታ ዘመቻም የተመረኰዘው በዚሁ ፍርድ ላይ ነበር። የራያ ቆላ ገበሬ ግን ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል፤ ጎርፍም ቀጠሮ አይሰጥምና ከማሳው አጠገብ መኖሩ ምክንያት አለው። ስለዚህ «የተራራቀ አሰፋፈር»፣ ለተቃራኒው «የተጠጋጋ አሰፋፈር» ቢባል ሁኔታውን ሳይነቅፍ ይገልጻል።

አውራ ጎዳናውን ተከትለው ለተዘረጉት ለጎብዬ፣ ለሮቢትና ለቆቦ «መስመራዊ አሰፋፈር» የሚለው የተለመደ ስያሜ የሚስማማ ስለ ሆነ መለወጥ አያሻውም።

ባጭሩ፣ «አሰፋፈር» ለአኗኗር መልክ፣ «ሰፈራ» ለማዛወር፣ «መንደር ምሥረታ» ለማሰባሰብ ተለይተው ይያዙ። ሦስቱን የሚያደባልቅ ተርጓሚ ጥናትን ትእዛዝ አስመስሎ ያቀርባል።