የትምህርት ቤት ክብርና የተማሪው ደስታ፤ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ የቡና ምድር አንጻር የቀረበ ሂስ

አንድ ትምህርት ቤት መልካም ስም አለው ሲባል ምን ማለት ነው? በአሁኑ ጊዜ መልሱ ባመዛኙ አንድ ነው፤ ከ12ኛ ክፍል ብዙ ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ አሳልፏል ማለት ነው። የዚህ ሂስ ዓላማ፣ ይህ መለኪያ ሳይለካው የሚያልፈው ምን እንደሆነና በደቡብ ምዕራቡ የቡና ምድር በተማሪው ደስታ ላይ ምን ጉዳት እንደሚያስከትል መመርመር ነው። ደስታ ስንል ጨዋታንና ዕረፍትን ብቻ ሳይሆን፣ ወጣቱ በኑሮው ሳያፍር ለመኖር መቻሉን ጭምር ነው።

በቅድሚያ ለፈተናው የሚገባውን ፍርድ መስጠት ያሻል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ መደረጉ ኩረጃን ለመግታት የታሰበና ተገቢ እርምጃ ነበር። ውጤቱም እውነቱን ገለጠ። ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። መጠኑ ለ2015 ዓ.ም. 3.2፣ ለ2016 ዓ.ም. 5.4፣ ለ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበር። እውነቱ መታወቁ መልካም ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ቁጥሩ የትምህርት መለኪያ መሆኑ ቀርቶ የሰው ዋጋ መለኪያ ሲሆን ነው። ርእሰ መምህሩ በቁጥሩ ስለሚጠየቅ ድካሙ ሁሉ በጥቂት ጎበዞች ላይ ያርፋል፤ ሌላው ተማሪ በክፍሉ ውስጥ እያለ ይረሳል። ከመቶ ከዘጠና የሚበልጡትን «የወደቁ» ብሎ የሚያሰናብት ትምህርት ቤት፣ ለእነርሱ ምን ስንቅ እንዳስያዛቸው ሊጠየቅ ይገባዋል።

ልማዱ አዲስ አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት በአገራችን ሲተከል ዋና ዓላማው ለመንግሥት ሥራ የሚበቁ ሰዎችን ማፍራት ስለነበረ፣ መማር ማለት ከእርሻ መላቀቅ ማለት ሆኖ ቆየ። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ይህንን በመመልከት፣ ለአብዛኛው ሕፃን የአራት ዓመት ትምህርት ተሰጥቶት ወደ አካባቢው ኑሮ እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ። ተቃዋሚዎቹ ግን የድሃውን ልጅ መሰላል የሚነቅል ነው አሉት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ አንዱ ምክንያት ይኸው ጥናት ነበረ፤ ሥራ ላይም ሳይውል ቀረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ምኞትን በመቁረጥ ደስታ አይገኝም። የሹሙ ልጅ ሐኪም እንዲሆን እየመኙ የቡና ገበሬው ልጅ ግን ባለው እንዲረካ መስበክ ፍትሕ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው ፖሊሲ በኋላም በ10ኛ ክፍል ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት ያመጡት ወደ ቴክኒክና ሙያ ሲመደቡ፣ ሙያ በወላጆች ዓይን የተሸናፊ መጠለያ መሰለ።

በሚዛን ተፈሪ፣ በበበቃና በቴፒ ዙሪያ ይህ ቅራኔ ጎልቶ ይታያል። የትምህርቱ ዘመን ገና ሳይጠነክር የቡናው ለቀማ ይደርሳል። ልጁ ለለቀማ ሲቀር መዝገቡ «ቀሪ» ብሎ ያልፈዋል፤ የደብተሩና የልብሱ ዋጋ ግን የሚገኘው ከዚያው ቡና ነው። የቀላውን ፍሬ ካልደረሰው መለየት፣ በአልጋ ላይ አገላብጦ ማድረቅ፣ የጥላ ዛፍ መምረጥ፣ ኮረሪማና ንብ መያዝ ሁሉ ሳይንስ አለበት። ይህ ዕውቀት በክፍል ውስጥ ቦታ ሲያጣ፣ ልጁ የአባቱን ሥራ እንደ ውርደት ማየት ይጀምራል፤ ፈተናውንም ባያልፍ የሚመለሰው ወደ ናቀው ኑሮ ነው። የደስታው መጥፊያ ይህ ነው።

ይሁንና በአካባቢው መሰላል አልጠፋም። ቴፒ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ሚዛን የግብርና ኮሌጅ አላቸው፤ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም በ1999 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ከቡናው ጓሮ እስከ ምርምሩ ጠረጴዛ የሚያደርስ መንገድ ስላለ፣ ትልቅ ምኞትና የአባት ማሳ የግድ ጠላቶች አይደሉም። የጎደለው ክብር የሚሰጥበት ሥርዓት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ የትምህርት ቤቶች ሪፖርት የአላፊዎችን ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ ያላለፉት ከሁለት ዓመት በኋላ በምን ሥራ ላይ እንደሚገኙ ያካትት። ሁለተኛ፣ የትምህርቱ የጊዜ ሰሌዳ ከለቀማው ወቅት ጋር እንዲጣጣም ይደረግ፤ ለቀማ ላይ የዋለ ልጅም ያመለጠውን ትምህርት የሚያካክስበት ጊዜ ይመደብለት። ሦስተኛ፣ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ መምህራን ምሳሌዎቻቸውን ከቡናው ማሳ ይውሰዱ። ይህ የመጨረሻው ከማንም ፈቃድ አይጠብቅም። ቡና ለቃሚ ዛፉን በአንድ ቀን አያራቁትም፤ የቀላውን ወስዶ ላልደረሰው ይመለሳል። በአንድ ፈተና ተማሪውን የሚያሰናብት ትምህርት ቤትም፣ ስሙ ምንም ያህል ቢገን፣ ሥራውን ጨርሷል ሊባል አይገባም።