መዋጮ በቴሌብር፣ ቀብር በእግር

የእድር ጸሐፊነት ለሩቅ ተመልካች የሒሳብ ሥራ ይመስላል፦ ስም፣ ወር፣ የተከፈለ፣ ውዝፍ። ዋናው ሥራ ግን ሰው ማወቅ ነው። መዋጮ በእጅ ይሰበሰብ በነበረበት ጊዜ አባላት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ካርዳቸውን ይዘው ጎራ ይሉ ነበር። ከብሩ ጋር ወሬው አብሮ ይመጣ ነበር፤ የማን ልጅ ዐረብ አገር ሄደች፣ ማን አልጋ ላይ ዋለ። ቀን አሳልፈው የማያውቁ እናት ከቀሩ፣ ከስማቸው ትይዩ ያለው ባዶ ቦታ ይበቃ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ይላክ ነበር።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ እሑዱ ሳሳ። ገንዘቡ በሰዓቱ ይገባል፤ የታመመውም ይከፍላል፣ ካልሆነም ልጁ ከአሜሪካ የዓመቱን ትዘጋለታለች። መዝገቡ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም፤ የሚነግረኝ ነገር ግን የለም።

የድሮው ይመለስ ማለቴ አይደለም። ሰፈር ሲፈርስ ጎረቤት ገላን ጉራ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ጀሞ ተበተነ። የጥሩንባው ድምፅ አራብሳ አይደርስም፤ ቴሌግራም ይደርሳል። ስልክ ባይኖር ኖሮ እነዚህን ሰዎች አጥተናቸው ነበር። ታዲያ ቴሌግራሙ ላይ «ነፍስ ይማር» ሲደረደር ያየ ሰው ድንኳኑ የሚጠብ ይመስለዋል። ጠዋት የድንኳኑን ብረት የሚሸከሙት ግን እነዚያው ወገባቸውን የሚያማቸው ሰዎች ናቸው። ለተከራይ ድንኳንና ወንበር እንክፈልና እንገላገል የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሳል። አልደግፈውም፤ ድንኳን የተከለ ሰው ለቅሶውን ጥሎ አይሄድም።

ከቀብር የሚቀረው ሲበዛ የቀሪ መቀጮው ከፍ ተደረገ። ምን ሆነ? መቀጮውንም በቴሌብር እየላኩ ቀሩ። ቅጣት የነበረው ዋጋ ሆነና አረፈው፤ አንዳንዱም ከቀብሩ በፊት አስቀድሞ ይከፍላል።

ስለዚህ መዝገቡ ላይ «የታየበት ቀን» የሚል አምድ ጨመርኩ። ቀብር ላይ ስም ስጠራ፣ ሠልስት ላይ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የታየ ይሞላለታል። አምዱ ለረጅም ጊዜ ባዶ የሆነበት አባል ቢከፍልም ይደወልለታል።

«ከፍያለሁ እኮ፣ አንተ ልጅ!»

«ለብሩ አይደለም እትዬ፤ ደህና ነዎት ወይ ብዬ ነው።»

ያኔ ነው ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ስኳሩ፣ አሳንሰር ስለሌለው ፎቅ የሚያወሩት። አራብሳ ያሉትን አባላት ዝርዝር እዚያው ለሚኖር አባል ሰጥቻለሁ፤ እሱ መደወሉን ትቶ ቤታቸው ይሄዳል።