ቤልጅግ ሲገዛ

በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ወጥተው አሜሪካ የገቡ አሮጌ ጠመንጃዎች በሰብሳቢዎች ዘንድ ብዙ ፈላጊ አግኝተዋል። ውጅግራ አለ፣ ካርካኖ አለ፣ ቬተርሊ አለ፤ ብዙው ዓይን የሚያርፈው ግን ቤልጅጉ ላይ ነው። ኤርስታል ከሚገኘው የኤፍኤን ፋብሪካ የወጣው ይህ ባለ 7.92 ሚሊሜትር ማውዘር፣ የቤልጅግ መኮንኖች የክብር ዘበኛን ካሠለጠኑበት ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጋር ስሙ የተሳሰረ ነው። የይሁዳ አንበሳ ምልክት ከታየበት ደግሞ ገዥ ዋጋውን ሳይከራከር ይከፍላል።

የሙያው ሰው ግን አንበሳውን በመጨረሻ ነው የሚያየው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይኑም በጣቱም ካረጋገጠ በኋላ መዝጊያውን ያወጣል፤ በርሜሉን ወደ ብርሃን አቅንቶ ከኋላ ወደ አፈሙዙ ይመለከታል። ውስጡ ጠቁሮ ቢያገኘው አይደነግጥም። የዘመኑ ጥይት መቀጣጠያ ፖታሲየም ክሎሬት ነበረበት፤ ሲተኮስ የሚተወው ጨው እርጥበት ይስባል፣ በውኃ ካልታጠበም ብረቱን ይበላል። ጥምዝምዝ ቦዮቹ ጠርዛቸው ስለት እስካለው ድረስ የጠቆረ በርሜል በደንብ ሊተኩስ ይችላል። የቀለበት ቅርጽ ያለው ጥላ ካየ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በርሜሉ ተደፍኖ ሳለ ተተኩሶበት አብጧል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጠመንጃ መልሶ ማስቀመጥ ይሻላል።

አፈሙዙ ብዙ ሰው የሚዘለው ቦታ ነው። ለዓመታት ከፊት በኩል የገባ የመወልወያ ዘንግ የቦዮቹን ጫፍ ይሞርደዋል፤ ጥይቱ በመጨረሻዋ ቅጽበት የሚለቀው ከዚያ ስለሆነ የተበላ አፈሙዝ ዒላማ ያስታል።

ቀጥሎ የመለያ ቁጥር ይመጣል። የመዝጊያውና የአካሉ ቁጥር ካልገጠመ መዝጊያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህ ዋጋ ከመቀነስ ያለፈ ጣጣ አለው። በመዝጊያው ፊትና በጥይቱ መካከል ክፍተቱ ከሰፋ ቀለሁ ተቀዶ ትኩስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ስለዚህ በሁለት የብረት መለኪያ ይፈተናል፦ አጭሩ ገብቶ መዝጊያው ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለበት፣ ረጅሙ ሲገባ ግን መዘጋት የለበትም። መለኪያ የሌለው ሰው ወደ ጠመንጃ ሠሪ ሳይወስድ መተኮስ የለበትም።

ስለ ቬተርሊ አጥብቆ መናገር ያስፈልጋል። በ1870 (እ.ኤ.አ.) ለ10.35 ሚሊሜትር የጥቁር ባሩድ ጥይት ተሠርቶ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በርሜሉ ውስጥ ቱቦ ተከቶለት ወደ 6.5 ሚሊሜትር የተቀየረ አለ። ጥይቱ ተለወጠ፣ መቆለፊያው ግን ለደካማው ባሩድ የታሰበው አሮጌው ነው። ግድግዳ ላይ ያምራል፤ በሙሉ ኃይል ጥይት ግን አይተኮስበትም።

እንጨቱ ሲፈታ ከላይ የማይታየው ዝገት ይገለጣል፤ ከመዝጊያው ኋላ ያለው ስንጥቅም እንዲሁ። በአሸዋ ወረቀት ተፍቆ የሚያብረቀርቅ ሰደፍ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ማኅተሙን አጥቷል። ሰደፉ በጠፍር ተጠፍሮ ከተገኘ ደግሞ ሻጩ «ላድስልህ» ቢልም እንዳይነካው መለመን ይገባል፤ ያ ጠፍር የኢትዮጵያዊ ባለቤቱ እጅ ሥራ ነው፣ ከተፋቀው ይልቅ ለእሱ ጨምሮ መክፈል ያዋጣል።