ሰማያዊው ምን ያህል ሰማያዊ ነው? ስለ ኦሚክሮን ባለቀለም ሥዕሎች የቀረበ ሂስ

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የኦሚክሮን ማዕበል በአዲስ አበባ በበረታበት ሰሞን ለጤና ባለሙያዎች በተሰጠ አንድ ገለጻ ላይ ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ቀርበው ነበር። በግራ የመጀመሪያው ቫይረስ ስፓይክ ፕሮቲን፣ በቀኝ የኦሚክሮን። የግራው ነጣ ያለ፣ የቀኙ ድፍን ሰማያዊ ነበር። ገለጻ አቅራቢው ሰማያዊው የሰውን ሕዋስ አጥብቆ እንደሚይዝ፣ ስለዚህም የከፋ ሕመም እንደሚያስከትል አስረዱ። የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርሁ። በየካ ክፍለ ከተማ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የኮቪድ ሕሙማንን ሲቀበል ለቆየበት አካባቢ ባለሙያ፣ እንዲህ ያለው አባባል የአልጋና የኦክስጅን ዝግጅት የሚመሠረትበት ነው።

ሥዕሉ ግን ፎቶግራፍ አይደለም፤ የስሌት ውጤት ነው። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ አቶም ቻርጅ ይመድባል፤ በዙሪያው ያለውን ውኃና ጨው በፖይሰን-ቦልትዝማን እኩልዮሽ ያሰላል፤ በፕሮቲኑ ገጽ ላይ የሚገኘውን ኤሌክትሮስታቲክ ፖቴንሻል አሉታዊውን ቀይ፣ ለዜሮ የቀረበውን ነጭ፣ አዎንታዊውን ሰማያዊ አድርጎ ይቀባል። አሠራሩን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው ግራስፕ የተባለው የኒኮልስና የሆኒግ ፕሮግራም ነበር። በኋላ የመጡት ኤፒቢኤስ፣ ፓይሞልና ኪሜራ ለማንም ተደራሽ አደረጉት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ በፓይሞል ውስጥ በአንድ ጠቅታ የሚገኘው ፈጣን ሥዕል ውኃንና ጨውን የማያካትት፣ ለግምታዊ እይታ ብቻ የሚሆን ነው።

ዋናው ጉዳይ የመለኪያው ወሰን ነው። አዲስ አበባ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖራት በእንጦጦ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። የከተማዋን ካርታ ከአረንጓዴ እስከ ቡናማ ስንቀባ ወሰኑን ከ2,300 እስከ 2,500 ሜትር ብናደርገው፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ቡናማ ይሆናል፤ እንጦጦን በእግሩ የወጣ ሰው የሚያውቀው ዳገት በካርታው ላይ ሜዳ ይመስላል። የፕሮቲኑም ሥዕል እንዲሁ ነው። የተለመደው ወሰን ከ−5 እስከ +5 ኬቲ/ኢ ሲሆን አንዱ ኬቲ/ኢ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 25.7 ሚሊቮልት ያህላል። ወሰኑን ወደ ±1 ያጠበበ ሰው ጥቂት አዎንታዊ ቻርጅ ያለውን ፕሮቲን ድፍን ሰማያዊ ሊያደርገው ይችላል። በዚያ ቀን ከሁለቱም ሥዕሎች ጎን መለኪያ አልነበረም። በዶፕለር አልትራሳውንድ ላይ ያለ ፍጥነት መለኪያ ቀይና ሰማያዊን የምንተረጉም ስንቶቻችን ነን?

አቅራቢውን ላለመበደል፣ አቅጣጫው ትክክል ነበር። ኦሚክሮን በ440ኛውና በ478ኛው ቦታ ላይሲን፣ በ493ኛውና በ498ኛው አርጂኒን አግኝቷል፤ አራቱም አዎንታዊ ናቸው። የሚይዘው የኤሲኢ2 ተቀባይ ገጽ ደግሞ አሉታዊ ነው። ነገር ግን በ417ኛው ቦታ የነበረው ላይሲን ወደ አስፓራጂን ተለውጦ ከተቀባዩ ጋር የነበረው የጨው ድልድይ ፈርሷል፤ ይህ ኪሳራ በሰማያዊው ባሕር ውስጥ አይታይም። ስፓይኩን የሚሸፍኑት የስኳር ሰንሰለቶችም አብዛኛውን ጊዜ ከሥዕሉ ይቀራሉ። በቤተ ሙከራ ሲለካ የኦሚክሮን የመያዝ ኃይል እንደየጥናቱ ከመጀመሪያው ጋር ተቀራራቢ ወይም ጥቂት ብልጫ ያለው ሆኖ ተገኝቷል እንጂ ቀለሙ እንደሚጮኸው አልነበረም።

ከመያዝ ወደ ሕመም ክብደት የተዘለለው ዝላይ ከሁሉ የከፋው ነው። ኦሚክሮን በሳንባ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ከዴልታ ባነሰ መጠን ይራባል፤ ወደ ሕዋስ ለመግባት በቲኤምፒአርኤስኤስ2 ኤንዛይም ላይ ያለው ጥገኝነትም ቀንሷል። በክትባትና በቀደመ ሕመም ከተገኘው መከላከያ ጋር ተደምሮ በአማካይ ከዴልታ የቀለለ ሕመም አስከተለ። ከሁለቱ ሥዕሎች ይበልጥ ሰማያዊ የነበረው የዚህ ነው።

እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ይቅሩ አልልም፤ የትኛው አሚኖ አሲድ ቢለካ እንደሚጠቅም ያመለክታሉና። ሆኖም የቀለሙ ወሰን፣ ፒኤችና የጨው መጠን ሳይጻፍ፣ ሁለቱም በአንድ ወሰን ሳይቀቡ ለንጽጽር መቅረብ የለባቸውም። በዕለቱ የታደለን ጽሑፍ በጥቁርና ነጭ የተባዛ ፎቶ ኮፒ ነበር፤ እስካሁን በመሳቢያዬ አለ። ቀዩና ሰማያዊው ሁለቱም አንድ ዓይነት ጠቆር ያለ ግራጫ ሆነው ወጥተዋል።