«ማራታ» ያልተባለችው ሴት፦ ስለ አርብቶ አደሮች ባህልና የአእምሮ ጤና በተጻፉ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ አርብቶ አደር ሴቶች የአእምሮ ጤና በእኛ ሰዎች የሚጻፈው ባመዛኙ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» በሚል ርእስ ግርዛትን፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የመበለት ውርስን ይዘረዝርና የሴቲቱን ጭንቀት ሁሉ ከዚያ ይመዛል። ሌላው ለባህል ጥብቅና ይቆምና መከራውን ያመጡት መንግሥት፣ ከተማና የውጭ አገር ሰው ናቸው ይላል። እዚህ በክሪስታል ሲቲና በሲልቨር ስፕሪንግ በሚደረጉ ስብሰባዎቻችንም ክርክሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሁለቱም ወገኖች ሴቲቱ ሕመሟን በምን ቃል እንደምትናገር ከመጠየቃቸው በፊት መልሱን ይዘው ይመጣሉ።

የጥያቄው ቃል ምን ያህል እንደሚወስን የሚያሳይ ምሳሌ ከቦረና አለን። ዶክተር አታላይ ዓለም የተካፈሉበት የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 «ወርልድ ሳይካያትሪ» በተባለው መጽሔት ባወጣው ዳሰሳ፣ ለ1,854 የቦረና ሰዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ የተዘጋጀ መጠይቅ አቅርቦ ስኪዞፍሬኒያ ያለበት አንድም ሰው አላገኘም። ለባህል ተከራካሪዎች ይህ ትልቅ ሲሳይ ነበር፤ ገዳና የጎሳ ትስስር አእምሮን ይጠብቃሉ ለማለት ከዚህ የተሻለ ቁጥር ከየት ይመጣል? አጥኚዎቹ ራሳቸው ግን በዜሮው አልረኩም። እ.ኤ.አ. በ2010 ዶክተር ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ተከታይ ጥናት ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ ተጠየቀ። ቦረና እብደትን «ማራታ» ይለዋል፤ የሚያውቀውም ለብቻ በመናገር፣ በመሮጥና በመሳሰለው በዓይን በሚታይ ጠባይ ነው። አገር አዋቂዎች በዚህ ቃል የጠቆሟቸው ሰዎች ሲመረመሩ ሕመሙ ተገኘ። የጎደለው የመጠይቁ ቋንቋ ነበር። የገዛ ቁጥሩን ተጠራጥሮ የሚመለስ ምሁር በመካከላችን ብዙ ስላልሆነ፣ ይህ ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል።

የእኔ ጥያቄ ግን ከዚህ በኋላ ይጀምራል። «ማራታ» የሚሮጠውን ያሳያል። ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ የምታልበው፣ ከሩቅ ጉድጓድ ውሃ የምትቀዳውና ማታ ሳትናገር የምትተኛው ሴት ግን ሥራዋ እስካልተጓደለ ድረስ በዚህ ቃል ውስጥ አትገባም። በ2004ቱ ዳሰሳ የጭንቀትና ሥጋዊ መልክ የያዙ የመንፈስ ሕመሞች ከመቶ 14 ያህል መሆናቸው ተጽፏል። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ልቤን ያቃጥለኛል የሚለው ብሶት የሚገኘው እዚያ ነው። ተመልሶ እንዲጣራ የተፈለገው ግን ዜሮው ነበር። ሰፊው የሴቶች ሕመም ቁጥር ሆኖ ተመዝግቦ ትርጓሜ አጥቶ ቀረ ማለት ይቻላል።

ትርጓሜ ለመስጠት የደፈረው ብሪታንያዊው አንትሮፖሎጂስት አይ. ኤም. ሉዊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው «ኤክስታቲክ ሪሊጅን» በሰሜን ሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ «ሳር» ስለሚይዛቸው ሚስቶች ሲጽፍ (ለጎንደር አንባቢ ዛር መሆኑን መንገር አያስፈልግም)፣ መንፈሱ ሽቶና ያማረ ልብስ ሲጠይቅ ከፋዩ ባል በመሆኑ፣ መያዙ ሥልጣን የሌላት ሴት የተዘዋዋሪ ሙግት ነው ይላል። ብልህ ንባብ ነው፤ ግን ስቃዩን ወደ ዘዴ ዝቅ ያደርገዋል። በሰሜን ሱዳን ያጠናችው ጃኒስ ቦዲ እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳሳየችው ዛር ሴቶች ስለ ራሳቸው ኑሮ የሚያስቡበት ቋንቋም ነው። ቦዲ ያጠናችው የገበሬ መንደር ቢሆንም ሐሳቧ ለዘላኑም የሚሠራ ይመስለኛል።

በኦሮሞ ዘንድ ሙግቱ ተዘዋዋሪ እንኳ አይደለም። ኩዌ ኩምሳ በስደት ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1997 በኦሮሞ ጥናት መጽሔት ላይ የጻፉለት ሲንቄ፣ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር ነው። የተበደለች ሚስት በትሯን ይዛ ስትወጣና እልል ስትል፣ የሰሙ ሴቶች ቤታቸውን ጥለው የየራሳቸውን ሲንቄ ይዘው ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎች በደሉን አይተው ካሣ እስኪቆርጡም አይመለሱም። በክሊኒክ ውስጥ «ድብርት» የምንለው እዚህ የአደባባይ ክስ ነበር። ባህል ያስጨንቃል የሚለው ጸሐፊ ይህንንም ባህል ብሎ መቁጠር አለበት፤ በባህል የሚመካውም ሲንቄ በደል ባይኖር ኖሮ ባላስፈለገ ነበር የሚለውን ሊሰማ ይገባዋል።

ለሁሉም በደል በትር እንደሌለ ደግሞ አይካድም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች የተገረዙት በአገር ደረጃ ከመቶ 65፣ በአፋር 91፣ በሶማሌ 99 ነበሩ። በነዚህ ሁለት ክልሎች የሚበዛው መስፋት ያለበት ግርዛት በወር አበባ፣ በሠርግ ሌሊትና በወሊድ ሥቃዩን ያድሳል። የምትገርዘውም የምታስገርዘውም ሴት በመሆኗ እልል ተብሎ የሚከሰስ ባል የለም። የወንጀል ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ድርጊቱን ይቀጣል፤ ቀድሞ የተሰፋችው ሴት ስለ ደረሰባት ነገር የምትናገርበትን ቦታ ግን ሕግ አያቆምም።

ከ2020 መጨረሻ አንሥቶ በቦረናና በሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ከብቱ አለቀ። በቦረና ወተት የሴት ግዛት ነው፤ ለማን ይቀዳ፣ ምን ያህል ይናጥ የምትወስነው እርሷ ናት። ላሟ ስትሞት የጠፋው ምግብ ብቻ ሳይሆን በቤቷ የነበራት ሥልጣንም ነው። ወደፊት በዚያ አገር መጠይቅ ይዞ የሚሄድ ሰው ስለ ግርዛትና ስለ ጋብቻ ከመጠየቁ አስቀድሞ ስንት ላም እንደ ቀረላት ይጠይቃት፤ ባሏም አገር አዋቂውም በሌሉበት ቢሆን ይመረጣል።